ትርፍና ዋና

በ2017 ዓ.ም. ክረምት፥ ሠላሳ ዓመት ያህል በአሜሪካን አገር በሜሪላንድ የኖረችው ታናሽ እኅቴ ለጥየቃ መጥታ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብላ በምትገኝ አንዲት ቡና ቤት ተቀምጠን ዝናቡ እስኪያባራ እንጠብቃለን። እኔ ሻይ አዘዝሁ፤ እርስዋ ፔፕሲ አለች። ጠርሙሱ በቀረበላት ጊዜ ሳትከፍተው ጥቂት አገላብጣ አየችውና፥

«ጋሼ፥ ከዚህ ነገር ላይ እኮ እኔም ድርሻ አለኝ» አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እርስዋ ግን ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ለጡረታዋ ብላ ከደመወዝዋ እየቆጠበች በብዙ ዓመት የገዛቻቸው የፔፕሲኮ ኩባንያ አክሲዮኖች 900 ሆነዋል። ኩባንያው በዚያው ዓመት ለያንዳንዱ አክሲዮን በዓመት 5 ዶላር ከ69 ሳንቲም እከፍላለሁ ብሎ ነበርና፥ ሲባዛ 5,121 ዶላር ይመጣል።

«ስድሳ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ጉልበቴ ደክሟል» አለች። «ሥራዬን ትቼ አገሬ ልግባና በዚህ ልኑር ወይ? አክሲዮኑን ሳልሸጥ፥ ትርፉን ብቻ እየበላሁ። አንተ ዕድሜህን ሁሉ የሰው ሒሳብ ስትጽፍ ኖረሃል፤ እስቲ ንገረኝ፥ እስክሞት ያበላኛል?»

ወዲያው አልመለስሁላትም። ሒሳቡ ከብዶኝ አይደለም፤ ገና አላየሁትም ነበርና። የተቀመጥንበት ቦታ እናታችን ድሮ ሻይ ትሸጥበት ከነበረው ቤት ሁለት መቶ እርምጃ እንኳ አይርቅም። በዚያ ቤት ሒሳብ ላይ ደግሞ በልጅነቴ አውቄ ዝም ያልሁት ነገር ነበረ። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የአሜሪካኑን ኩባንያ ከመመርመራችን በፊት ወደዚያች ጠባብ ክፍል እንድንገባ ፍቀድልኝ፤ ትልቁን ሒሳብ የተማርሁት ከትንሹ ነው።

እናታችን በ1950ዎቹ መጨረሻ፥ ከአደባባዩ ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ሻይ፥ ቡና፥ ፓስቲና ቆሎ ትሸጥ ነበር። ደንበኞችዋ ባለታክሲዎች፥ ሊስትሮዎች፥ የሱቅ ተላላኪዎችና ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ለመክፈቻው 300 ብር አስፈልጓት ስለ ነበር፥ መቶውን ራስዋ፥ መቶ መቶውን ደግሞ ሁለት ባልንጀሮችዋ አዋጡ። ከሁለቱ አንዲቱ ባልዋ የሞተባት፥ አንዲት ሴት ልጅ የምታሳድግ ሴት ነበረች፤ እኛ ልጆቹ እትዬ እንላታለን። ስምምነታቸውም ባልንጀሮችዋ እያንዳንዳቸው በየወሩ 5 ብር የትርፍ ድርሻ እንዲያገኙ ነበረ። የሚከፈለውም በ23 ቀን፥ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ብለው ሻይ ጠጥተው፥ ገንዘባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይሄዳሉ።

እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ደብተሩን እይዝ ነበር። በደኅናው ዘመን የቤቱ ኪራይ፥ ዱቄቱ፥ ስኳሩና ከሰሉ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ በወር 38 ብር ይተርፍ ነበር። ከዚህ 20 ብሩ ለቤታችን ቀለብ ይሆናል፤ 10 ብሩ ለሁለቱ ባለድርሻዎች ይሰጣል፤ 8 ብሩ በአንድ የቡና ጣሳ ውስጥ ይጣላል። ስለዚህ ጣሳ በኋላ እመለስበታለሁ። በውስጡ ያለው ገንዘብ ለተሰበረ ብርጭቆ፥ ለተበሳ ብረት ድስት፥ ለዛገ ጣሪያ ነበረ።

ከዚያ ዱቄቱም ዘይቱም የተወደደበት ዓመት መጣ። እናቴ የሻዩን ዋጋ ከ10 ሳንቲም ወደ 15 አደረገች፤ ፓስቲውንም ትንሽ አሳነሰችው። በመጀመሪያው ወር ሒሳቡ አማረ። ደብተሩ ላይ የገባው ገንዘብ ከበፊቱ ይበልጥ ስለ ነበር እኔም ተደስቼ ነበር። ነገር ግን የገንዘቡን ብዛት ትቼ ብርጭቆውን ብቆጥር ኖሮ፥ በቀን ሰማንያ ብርጭቆ ይሸጥ የነበረው ወደ ስድሳ መውረዱን አይ ነበር። ሊስትሮዎቹ አንዱን ብርጭቆ ለሁለት መጠጣት ጀምረው ነበር። ጥቂት ቆይቶም የሚተርፈው ገንዘብ 29 ብር ሆነ። 10 ብሩ ለባለድርሻዎች፥ 19ኙ ለቀለብ። ለጣሳው ምንም የለም።

እዚህ ላይ እናቴን ማንም ክፉ ሴት አድርጎ እንዳያያት እለምናለሁ። ከርስዋ የበለጠ ለቃልዋ የታመነች ሰው አላየሁም፤ ችግሩም ከዚሁ መጣ። «በጊዮርጊስ ዕለት ባዶ እጄን ሆኜ ሰው ፊት አልቆምም» ትል ነበር። ብረት ድስቱ ከሥሩ ሳሳ፤ ብርጭቆው ከአሥራ ስድስት ወደ ዘጠኝ ወረደ፥ ደንበኛም ብርጭቆ እስኪለቀቅ ቆሞ መጠበቅ ሰልችቶት ወደ ማዶው ቤት ሄደ። በክረምቱ ጣሪያው አፍስሶ አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስኳር ቀለጠ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን አምስት አምስቱ ብር በ23 ቀን አልቀረም። መጀመሪያ ከቀለባችን ተቀነሰ። ቀጥሎም ዕቁብዋን ተለምና አስቀድማ ወሰደች። በመጨረሻ ከአራጣ አበዳሪ ተበደረች። ሥራው ከታመመ በኋላ ለአሥራ አራት ወር አንድም ቀን ሳይስተጓጎል ከፈለች።

እኔም በደብተሩ ላይ በያንዳንዱ ወር «ለእትዬ፥ ከትርፍ፥ 5 ብር» እያልሁ እጽፍ ነበር። ትርፍ እንዳልነበረ አውቅ ነበር፤ ደማሪው እኔ ነበርሁና። እትዬ ማንበብ አትችልም። አንድ ጊዜ ገንዘቡን ከተቀበለች በኋላ ወደኔ ጠጋ ብላ፥ «ልጄ፥ ሥራው ደኅና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደኅና ነው፥ እትዬ» አልኋት። ጎበዝ ብላ 10 ሳንቲም ሰጠችኝ። ከአራት ወር በኋላ ቤቱ ተዘጋ። ዕቃው ሲሸጥ የአራጣውን ዕዳ እንኳ በጭንቅ ሸፈነ። የእትዬ መቶ ብር በዚያው ቀረ። ልጅዋ በሚቀጥለው ዓመት ከትምህርት ቤት ወጣች፤ ያቺ 5 ብር ለደብተርና ለጫማ የምትሆን ነበረችና።

ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። እኅቴን «ደብተሩን ሳላይ አልነግርሽም» አልኋት። ዛሬ ደግ ዘመን ነው፤ የትልልቆቹን ኩባንያዎች ደብተር ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊያነብ ይችላል። የ2024ን የሒሳብ መግለጫ (የውጭውን ኩባንያ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ልጅዋ አውጥቶ ላከልን፥ እኔም ሦስት ማታ ተቀምጬ አየሁት።

እኅቴ ከሁሉ በፊት የነገረችኝ ኩባንያው በ2025 የትርፍ ድርሻውን ያሳደገው ለ53ኛ ተከታታይ ዓመት መሆኑን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሰማ ሰው ልቡ ይረጋል። ግማሽ ምዕት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ጨምሮ የከፈለ እንዴት ይጠረጠራል? እኔም ቢሆን ይህን አላቃልልም፤ ከብዙ ድቀትና ከብዙ ጦርነት ጋራ ያለፈ ልማድ ነው። ነገር ግን እናቴም ለአሥራ አራት ወር አላስተጓጎለችም። ሳያቋርጡ መክፈል የከፋዩን ፈቃድና ኩራት ይነግረናል፤ አቅሙን ለማወቅ ግን ሌላ ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ይልቁንም ረጅም ልማድ አንዳንድ ጊዜ የራሱ አደጋ አለው፤ ልማዱን የሚያቋርጥ ሹም ለመሆን የሚደፍር ስለማይገኝ፥ መቀነስ በሚገባው ዓመት እንኳ ተበድሮ መክፈል ይመጣል።

ደግሞም ይህ የጸና የሚመስል ስም ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ወድቆ ያውቃል። ፔፕሲ-ኮላን የቀመመው በሰሜን ካሮላይና ኒው በርን በምትባል ከተማ መድኃኒት ቤት የነበረው ኬሌብ ብራድሃም ነው። መጠጡን በ1898 ፔፕሲ-ኮላ ብሎ ሰየመው፤ ሥራውም በጣም ሰፋ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስኳር ዋጋ ሲያሻቅብ፥ ገና ይወደዳል ብሎ በውድ ዋጋ ብዙ ስኳር ገዛ። ወዲያው ዋጋው ወደቀ፥ ስኳሩ በእጁ ቀረ፥ ኩባንያውም በ1923 ከሠረ። በ1931 ስሙን የገዙትም ሰዎች እንደ ገና ከሠሩ። የስኳርን ነገር ሳነብ የእናቴ ጣሪያ ትዝ አለኝ፤ አንዱን ዝናብ አቀለጠበት፥ ሌላውን ገበያ። የዛሬው ፔፕሲኮ የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው በ1965 መጠጡ ፍሪቶ-ሌይ ከተባለው የድንች ጥብስና የመክሰስ ሠሪ ጋራ ሲዋሐድ ነው። ስለዚህ እኅቴ ጠርሙሱን ብታሳየኝም፥ ገንዘብዋ የሚመጣው ከጠርሙሱ ብቻ አይደለም፤ ከቺፕሱም ጭምር ነው። የእናቴም ቤት ትርፍ ከሻዩ ይልቅ ከፓስቲው ነበር፥ ሻዩ ሰውን ያስቀምጠው ነበር እንጂ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ2024 ኩባንያው በወረቀት ላይ ያገኘው የተጣራ ትርፍ 9 ቢሊዮን ከ600 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ለባለአክሲዮኖች የከፈለው ደግሞ 7 ቢሊዮን ከ200 ሚሊዮን ያህል። ከያንዳንዱ መቶ ዶላር ትርፍ ሰባ አምስቱን ያህል አካፍሏል ማለት ነው። ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ «ሩቡ ተርፎታል፥ ደኅና ነው» ይላሉ። እኔ ግን ጣሳውን ፈለግሁት።

ምክንያቱም በወረቀት ላይ ያለ ትርፍና በእጅ ያለ ገንዘብ አንድ አይደሉም። ትርፍ ብለን የምንጽፈው ገና ያልተሰበሰበ ዱቤ ይኖርበታል፤ ከርሱም ላይ ለዕቃ ማርጀት ተብሎ በግምት የተቀነሰ አለበት። የትርፍ ድርሻ ግን በግምት አይከፈልም፥ በጥሬ ገንዘብ ነው። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባን፥ «ሥራው በዓመቱ ስንት ጥሬ ገንዘብ አስገባ? ከዚያስ ላይ ለማሽኑ፥ ለመኪናው፥ ለፋብሪካው ስንት ወጣ?» ብለን ነው። የገባው 12 ቢሊዮን ተኩል ያህል ነበር። ለዕቃና ለፋብሪካ የወጣው 5 ቢሊዮን ከ300 ሚሊዮን ያህል። የቀረው 7 ቢሊዮን ከ200 ሚሊዮን ያህል ነው።

ይህን ከደመርሁ በኋላ ብርሌውን መነጽሬን አወለቅሁና እንደ ገና ደመርሁት። የቀረው ገንዘብና የተከፈለው የትርፍ ድርሻ እኩል ለእኩል ነበሩ። ለአንዳች ያልታሰበ ነገር የሚሆን የለም። በዚያው ዓመት ኩባንያው 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ የገዛ ራሱን አክሲዮን ከገበያ መልሶ ገዝቷል፤ ይህ እንግዲህ ከዚያ ዓመት የተረፈ ገንዘብ ሊሆን አይችልም። በ2025 መጀመሪያ ላይም ሲዬቴ የተባለውን የመክሰስ ኩባንያ በ1 ቢሊዮን ከ200 ሚሊዮን፥ ፖፒ የተባለውን የለስላሳ መጠጥ ኩባንያ ደግሞ በ1 ቢሊዮን ከ950 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዕዳው በ2024 መጨረሻ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ፍርድን በፍጥነት መስጠት ግን አይገባም። የወጣው 5 ቢሊዮን ከ300 ሚሊዮን ሁሉ የተቀደደ ጣሪያ መድፈኛ አይደለም፤ ከፊሉ አዲስ ክፍል መጨመሪያ ነው፥ ቢቸገርም ሊያሳንሰው ይችላል። ወጪው እንዲህ የበዛበትም ምክንያት አለ። ይኸውም በ2010 በሰሜን አሜሪካ መጠጡን በጠርሙስ የሚሞሉትን ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ራሱ ስለ ገዛቸው፥ ፋብሪካውም መኪናውም የራሱ ሸክም ሆነ። በኛ አገር እንዲህ አይደለም። ከፊታችን የነበረውን ጠርሙስ የሞላው ሞሐ የለስላሳ መጠጦች ኩባንያ ነው፤ የእኅቴ ኩባንያ የሚያገኘው ከስሙና ከቅመሙ ነው። «ታዲያ ይህን ጠርሙስ ስትጠጪ ከሳንቲሙ የሚደርስሽ ጠብታ ነው» ብያት አሥቄያታለሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ብርጭቆው ነው። ከ2022 ጀምሮ ኩባንያው ዋጋውን በኃይል ጨመረ፤ ገቢው አማረ፥ ባለአክሲዮኑም ተደሰተ። በ2024 ግን በሰሜን አሜሪካ የሚሸጠው የመክሰስ መጠን ቀነሰ። ደኃው አሜሪካዊ የቺፕሱን ከረጢት አንሥቶ፥ ዋጋውን አይቶ፥ መልሶ ያስቀምጠው ጀመር። የኛ ሊስትሮ አንዱን ሻይ ለሁለት እንደ ጠጣው መሆኑ ነው። ዋጋ በመጨመር የሚገኝ ገቢ አንድ ዓመት፥ ሁለት ዓመት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ከረጢቱን ራሱን መቁጠር ይመጣል።

«ሰው መብላቱንና መጠጣቱን መቼም አይተውም» ብላ ተከራከረችኝ እኅቴ። እውነት ነው፥ አይተውም። ነገር ግን በየአሜሪካን ማዕድ ቤት ካቻፑ የማይጠፋው ክራፍት ሃይንዝም የምግብ ኩባንያ ነበር። ባለቤቶቹ በ2015 ሁለቱን ስሞች አዋሕደው ወጪ በመቁረጥ ትርፉን አሳመሩት። በየካቲት 2019 ግን የስሞቹ ዋጋ በደብተር ላይ ከተጻፈው 15 ቢሊዮን ከ400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ማነሱን ተናገሩ፤ በሩብ ዓመት ለአንድ አክሲዮን 62 ሳንቲም ተኩል ይከፍል የነበረውንም ወደ 40 ሳንቲም አወረዱት። በዚያች ቀን ሰው ካቻፕ መብላቱን አልተወም። በዚያ ገንዘብ ጡረታውን የለካ ሽማግሌ ግን ከመቶው ሠላሳ ስድስቱን አጣ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ብወጣ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ስለ አክሲዮን በአራዳ ተቀምጦ ሲናገሩ የአራዳን ነገር መዝለል አይሆንም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1905 በፈረንጅ አቆጣጠር ፈቃድ ያገኘው የአቢሲኒያ ባንክ በአክሲዮን የቆመ ኩባንያ ነበር፤ አክሲዮኑም በካይሮ፥ በለንደን፥ በፓሪስና በኒውዮርክ ሳይቀር ተሽጧል። ይሁን እንጂ እስከ 1914 ድረስ ትርፍ አላየም። ትርፍ የማይከፍል ሁሉ የሞተ ሥራ አይደለም፤ ከገንዘቡ ቤት የሚሠራም አለ። በኛው ሕግም ቢሆን፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኩባንያ ከተጣራ ትርፉ ከሃያ አንዱን እጅ በየዓመቱ ለመጠባበቂያ እንዲያስቀምጥ ያዝዝ ነበር፤ ይኸውም መጠባበቂያው የዋናውን ዐሥረኛ እጅ እስኪሞላ ድረስ ነው። የእናቴ ጣሳ በሕግ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። እናቴ ግን ሕጉን አላነበበችም፤ እኔም ያነበብሁት ቤቱ ከተዘጋ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ደግሞ ማንኛውም ደብተር የማያሳየው ነገር አለ። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የኩባንያ አክሲዮን የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲወረሱ ያ ገበያ በዚያው ተዘጋ። ሒሳቡ ያማረውም ያላማረውም እኩል ቀረ። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ነው፤ አምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ። ስለዚህ ይህን የምታነብ ወጣት በሕይወትህ ብዙ የትርፍ ድርሻ ማስታወቂያ ሳታይ አትቀርም። የተከፈለውን መጠን በትልቁ ይጽፉልሃል። አንተ ትንንሹን ፊደል አንብብ።

ለእኅቴ የሰጠሁት መልስ እንዲህ ነበረ። «በሚመጡት ሁለትና ሦስት ዓመታት ይቋረጣል ብዬ አላስፈራራሽም። ኩባንያው ትልቅ ነው፥ አበዳሪ ያምነዋል፥ ሊቈርጠው የሚችለው ብዙ ወጪ አለው፥ ያን የ53 ዓመት ስሙንም በቀላሉ አይጥልም። ነገር ግን በ2024 የከፈለሽ ያለውን ሁሉ ነው። ከዚህ ወዲያ የሚጨምርልሽ ወይ ብዙ ከረጢት ሸጦ፥ ወይ ለዕቃ የሚያወጣውን ቀንሶ፥ ወይ ተበድሮ ነው። ከመጀመሪያው ከመጣ ብዪው። ከሁለተኛው ከመጣ ጠይቂ። ከሦስተኛው ከመጣ ግን የገዛ ዋናሽን ነው የሚያበላሽ። ያለሽ ሁሉ ይኸው አንድ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ ሥራሽን አትተዪ።»

ተቆጣች። «አንተ ድሮም ፈሪ ነህ። ሠላሳ ዓመት ሌሊት ስሠራ ኖሬ፥ አሁን ደግሞ ሥሪ ትለኛለህ?» አለች። እውነትዋን ነበር፤ እጆችዋን አየኋቸው፥ ያረጁ ናቸው። ያን ጊዜ ለስድሳ ዓመት ያህል ለማንም ያልተናገርሁትን የደብተሩን ነገር ነገርኋት። እርስዋ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቤቱ የተዘጋው በጣሪያው ምክንያት ነው ብላ ታምን ነበር። ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ፥ «ከትርፍ ብለህ ጻፍህ?» ብቻ አለችኝ። «ጻፍሁ» አልኋት።

ከመሄድዋ በፊት በጊዮርጊስ ዕለት አብረን ቤተ ክርስቲያን ሳምን። ከቅጥሩ ወጥተን ወደ አደባባዩ ስናቀና የእትዬን ልጅ አገኘናት። እርስዋም እንደኛ አርጅታለች፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከዚያ ተነሥታ ራቅ ያለ ቦታ ገብታለች፥ በ23 ግን በአውቶቡስ ትመጣለች። እኅቴን አቅፋ ሳመቻትና ስለ እናታችን ማውራት ጀመረች። «እናታችሁ እኮ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ አንድ ጊዜ አላጎደለችም። እናቴ እስክትሞት ታመሰግናት ነበር» አለች።

እኅቴ ወደኔ ተመለከተች። ንጉሡ በፈረሳቸው ላይ ሆነው ከበላያችን ይታያሉ፤ መኪናው ይጮኻል፤ እንደዚያ ባለ ቦታ የሚነገር ነገር አልነበረም። የሆነ ሆኖ ነገርኋት። ያ 5 ብር ከትርፍ እንዳልነበረ፥ እኔም እንደማውቅ፥ እናትዋ ጠይቃኝ ደኅና ነው ማለቴን፥ አሥር ሳንቲምዋንም መቀበሌን።

ጥቂት አሰበች። በጣትዋ የምትቆጥር ትመስል ነበር። «አሥራ አራት ወር አልህ? ሰባ ብር። እንግዲያስ ከመቶ ብርዋ ሰባውን መልሳ በልታዋለቻ» አለች፥ አጭር ሣቅም ሣቀች። ከዚያ ደግሞ ሣቁን ትታ፥ «ብትነግራት ኖሮ ሠላሳውን ታወጣው ነበር። የኔ ትምህርት ቤት ዓመቱን ይጨርስልኝ ነበር» አለችኝ። ምንም አልመለስሁላትም። እኅቴ ክንድዋን ይዛ ሻይ ልጋብዝሽ ብላ ወሰደቻት፥ እኔም ተከተልኋቸው።

እኅቴ ወደ አሜሪካን ከተመለሰች በኋላ ከ900ው አክሲዮን 400ውን ሸጣ ገንዘቡን በሌላ ቦታ በታትና አስቀመጠችው። ሌሊቱን ትታ በሳምንት ሦስት ቀን በቀን ትሠራለች። የኩባንያው የሩብ ዓመት ሒሳብ በወጣ ቁጥር ትልክልኛለች፤ እኔም የገባውን ጥሬ ገንዘብ፥ ለዕቃ የወጣውን፥ ዕዳውንና ለባለአክሲዮን የተከፈለውን በአንድ የትምህርት ቤት ደብተር እጽፋለሁ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ «ከትርፍ» ብዬ ከመጻፌ በፊት ከላይ ጀምሬ ሁለት ጊዜ እደምራለሁ፥ ከዚያ በስልክ እነግራታለሁ።